የዶይል ስም ይጠራል

ውድ አባዬ፣

ስልክ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ። "የሞተውን ወንድምሽን ስም ከዘፈኑ ሰርዢልኝ፤ በየመጠጥ ቤቱ አታስጠሪው" ነው ያልከው። አልሰርዝም! ጆሮዬ ላይ ስለዘጋኸው መልሴን በጽሑፍ እነሆ።

ሁለተኛው አልበሜ እንደተሳካ ታውቃለህ፤ አክስቴ ቬስታ ሳትነግርህ አትቀርም። የመጀመሪያውማ ምን እንደነበር አትርሳ። ናሽቪል ውስጥ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ጥብቅ ያለ ጂንስ አልብሰው፣ የኬንታኪ አነጋገሬን አስጥለው፣ ነድቼው ስለማላውቀው ፒካፕ አዘፈኑኝ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሁለተኛውን ግን በራሴ አፍ ዘፈንኩት። ስለ ዶይል የጻፍኩትን ይዤ ስቱዲዮ ስገባ ፕሮዲውሰሩ ዱዌይን፣ "ጊታር የለው፣ ከበሮ የለው፤ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሬዲዮ በደጁም አያሳልፈውም!" አለኝ። "እንግዲያው ሌላ ዘፋኝ ፈልግ" አልኩት። አንተ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደምታደርገው አደረግኩ፤ እኔ እያንዳንዱን መስመር ብቻዬን በዜማ አወጣሁ፣ ከኛው ሸለቆ ያመጣኋቸው ሴቶች ያንኑ እየደገሙ ተቀበሉኝ። ይኸው አሁን ሬዲዮው ከሱ ሌላ ዘፈን ያለ አይመስለውም። ዶይልን አይቶት የማያውቅ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ስሙን ይቀበለኛል። ኖክስቪል ላይ አንዲት ሴት እጄን ይዛ፣ "የኔንም ልጅ ክኒን ነው የበላብኝ፤ እስከዛሬ ስሙን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም" አለችኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ አባዬ። ባለፈው ዓመት በሙታን መታሰቢያ እሁድ ቆመህ የቤተሰባችንን ሙታን በየተራ ስትጠራ፣ ከአያቴ በቀጥታ ወደ አጎቴ ኤምሪ ዘለልክ። የዶይል መቃብር ላይ ሣር እንኳ አልበቀለም ነበር! እማዬ አንገቷን ደፍታ ቀረች። በኋላ ስጠይቅህ "በኃጢአት የሞተ አይጠራም" አልከኝ። የቱ ኃጢአት? ወገቡን የሰበረውን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን ያስለመደውን ሐኪም ማን ጠየቃቸው? አጎቴ ኤምሪ እኮ ሰክሮ ወንዝ ገብቶ ነው የሞተው፤ እሱን በዜማ ጠራኸው። ይልቅ "ልጄ አሳፍሮኛል" ብለህ እውነቱን ተናገር። እኔ አላፈርኩበትም። ወንድሜ ነው፤ እወደዋለሁ።

የዘንድሮው መታሰቢያ የፊታችን እሁድ ነው። እመጣለሁ፤ በሴቶቹ በኩል እማዬ ጎን እቀመጣለሁ። ከአያቴ ቀጥለህ አንተው ብትጠራው ደስታዬ ነው፤ የማንም ድምፅ ካንተ አይበልጥብኝም፣ የተማርኩትም ካንተ ነው። ከዘለልከው ግን እነሳለሁ። "ሴት መስመር አታወጣም" ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። አወጣለሁ! ከፈለግህ አስወጣኝ፤ ደጅ ቆሜም እጠራዋለሁ።

ደግሞ ማን ይቀበልሻል እንዳትለኝ። እማዬ ትናንት ደውላልኝ ነበር። "አንቺ ብቻ ጀምሪው" አለችኝ፤ "መጀመሪያ የምቀበልሽ እኔ ነኝ።"

ልጅህ፣ የዶይል እህት፣
ራሞና