ሁለት የተቆጠረው የቸኮል ጎል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኃይለመለኮት ሰይፈሥላሴ፣ አዲስ አበባ።

ከሰላምታ ንስሐ ይቀድማልና፣ ወንድም ጋሼ፣ አስቀድመህ ፍታኝ። እኔ ኃጥኡ ወንዳፈረው ይህን ወረቀት ከአባባ የጽሕፈት ሣጥን ያለ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ቀለሙንም እንዲሁ። አባባ ወረቀቱን «የመንግሥት ነው» እያለ ለራሱ እንኳ ስለሚሰስተው፣ የሰረቅሁት ከአባባ ይሁን ከመንግሥት ገና አልለየሁም፤ ከሁለቱ ዱላው የሚቀለው የማን እንደ ሆነ ሳውቅ ለእሱ እናዘዛለሁ። ብዕሩን ግን አልነካሁም። የምጽፍልህ በዶሮ ላባ ነው። ዶሮዋ በሕይወት አለች፤ ቅር ብሏት እንደ ሆነ ግን አላውቅም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንደምን ከረምህልኝ? ከሄድህ ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሣሃል? የአክስታችን የወይዘሮ ፋንታዬ ጉልበትስ ተሻለው ወይ? ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ መኝታው ተስማምቶሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ላሞቹ ደህና ናቸው፤ የጓሮው እንሰት ደህና ነው፤ ግራዝማች ወልደ ሰንበትም ደህና ናቸው፤ ትናንት አጥር ለአጥር ሲቆጡ ድምፃቸው እስከ ገበያው ተሰምቷል። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን አንድ ነገር ጎድሎብኛል።

የምጽፍልህ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሀል ተሸሽጌ ነው። ዛሬ የቸኮል ቤተ ሰብ ወደ አዲሎ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የተዋሱት በቅሎ በራቸው ላይ እየተጫነ ነው። እማማ ከጧት ጀምራ «ሂድና ጓደኛህን ተሰናበተው» እያለች ትፈልገኛለች። እኔ ደግሞ ፊቱን ማየት አቅቶኝ ቅጠል ለብሼ ተቀምጫለሁ። ለምን እንደ ሆነ ለሌላ ሰው አልናገርም፤ ለአንተ ግን ኳሱ የአንተ ነውና ልንገርህ።

ቸኮልን አትረሳውም፤ የነጋዴው የአቶ ሀብቴ ልጅ፣ ያ ከሲታው፣ ኳስ ስታስተምረን ከሁላችን በኋላ ይደርስ የነበረው። አንተ እዚህ ሳለህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን እንደ አዲስ ትከፋፍለን ነበር። ብርቱውን ከደካማው፣ ረጅሙን ከአጭሩ ታጣምርና ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ ይመሽ ነበር። አንተ ስትሄድ እኛ ብልሆቹ «ሰፈር በሰፈር ይሁን» አልን። ገበያ ሰፈር ባንድ ወገን፣ ቸኮል የሚኖርበት ደብር ሰፈር ባንድ ወገን። ለገበያ ሰፈር ላሬቦ ደረሰ። ላሬቦ የሀቢቾ መንደር ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ቅቤ ይዞ ለገበያ ይመጣና እዚያው ይሰነብታል። ኳሱ ከእግሩ ሥር ከገባ የሚያወጣው ራሱ ኳሱ ቢፈልግ ነው። እኔ ለዚሁ ወገን በረኛ ሆንሁ። ሥራዬም ከሁለቱ እንጨቶች መሀል ቆሞ ደመና መቁጠር ነበር፤ ወደ እኔ የሚመጣ አልነበረምና።

ደብር ሰፈር አሥር ለባዶ ይሸነፋል፣ በሳምንቱ ዘጠኝ ለባዶ ይሸነፋል። ሕዝቡም ሰለቸው። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ሰው ነጠላውን አራግፎ ይነሣል። ሽማግሌዎቹ ግን ጥላቸውን ዘርግተው እስከ መጨረሻው ይቀመጣሉ፤ ስለ ወደዱት አይደለም፣ ከተቀመጡ በኋላ መነሣት ስለሚያስቸግራቸው ነው። ግራዝማች ወልደ ሰንበት አንድ ቀን ወደ እኔ እያመለከቱ «ያ ብቻውን የቆመው ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ፍርዴን እየጠበቅሁ ነው፣ ጌታዬ» አልኋቸው። እስከ ዛሬ ዋስ ልሁንህ ይሉኛል።

በሁዳዴ መጨረሻ ሽማግሌዎቹ ለዚሁ ነገር ከዝግባው ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። የርስት ክርክር እንኳ እንዲህ አልተከበረም። ግራዝማች «ከአሥር ጎል አንዱ አሥራት ተነሥቶ ለተሸናፊው ይሰጥ» አሉ። መሪጌታ ደግሞ «ብርቱዎቹ ጋቢ ለብሰው ይሩጡ» አሉ። አባባ «ጋቢው የማን ይሆናል? ቢቀደድስ?» ብሎ ነገሩን ወደ አንቀጽ ወሰደው። እኔ ውኃ ላቀርብ ቆሜ ሳዳምጥ አፌ አላስቀምጠኝ አለ። «ሦስት ጎል የተቀደመ ወገን ያገባት ጎል ሁለት ትቆጠር» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ሳሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ግራዝማች ጢማቸውን እየዳበሱ «እኔም ይኸንኑ ልል ነበር» አሉ። ማታውኑ ሕጉ የግራዝማች ሕግ ተባለ። አባባ ጻፈው። ቆጠራውም በድንጋይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ጎል በገባ ቁጥር ከግራዝማች እግር ሥር ጠጠር ይቀመጣል። እኔ በልቤ ደብር ሰፈርን የጠቀምሁ መስሎኝ ኮራሁ። ወንድም ጋሼ፣ ምን ያህል እንደ ኮራሁ አትጠይቀኝ።

ሕጉ የተሞከረው በዳግም ትንሣኤ ነው። ሥራውንስ ሠርቷል፤ ሐሰት አልናገርም። ላሬቦ ገና ከጅምሩ ሦስት ጎል አግብቶ ሳለ ከሕዝቡ አንድ ሰው አልተነሣም። «ቆይ፣ አሁን ለእነሱ ሁለት ነው!» እያለ ሁሉም ተጠጋ። ቅቤ ሻጮቹ ቅቤያቸው በፀሐይ ሲቀልጥ አላዩም። ያን ጊዜ ቸኮል ኳሱን ከመሀል አነሣ። ከየት እንዳመጣው ዛሬም አልገባኝም፤ ያ ነፋስ የሚገፋው ልጅ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ላሬቦ ራሱ መጣበት፣ በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ላሬቦንም አለፈው። ከዚያ እኔ ቀረሁ። ወደ ግራዬ ወደቅሁ፣ ኳሱ በቀኜ ገባ። አንተ ብታየው ኖሮ ትሸከመው ነበር።

ሕዝቡ በእልልታ ተነሣ። ከግራዝማች እግር ሥር ለደብር ሰፈር ሁለት ጠጠር ተቀመጠ። እኔ ከአቧራው ተነሣሁ፤ ልብሴ ቆሽሿል፣ ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ ተናድጃለሁ። አፌ ደግሞ እንደምታውቀው ከእኔ በፊት ይነሣል። የደብሩ በር ላይ እንደሚቀመጡት ለማኞች እጄን ዘረጋሁና ድምፄን አቅጥኜ «ስለ ማርያም! ስለ ወላዲት አምላክ! የኔ ቢጤ ጎል ናት፣ አንድ ጨምሩላት!» አልሁ።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው «የኔ ቢጤ ጎል! የኔ ቢጤ ጎል!» ይሉ ጀመር። መሪጌታ እንኳ ጥላቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ያልሳቀው ላሬቦ ብቻ ነው። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ በዚያ በሰበር አማርኛው «እኔን እኮ ነው ያለፈኝ። እኔን! ምን ያስቃል?» አለኝ።

የማታውቀው ነገር አለ፣ ወንድም ጋሼ። ባለፈው ክረምት የአቶ ሀብቴ በቅሎዎች በመንገድ ላይ በበሽታ አልቀውባቸዋል። ንግዱ ያን ጊዜ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ እማማ ማንም እንዳያይ አምሽታ ቁና ዱቄት በነጠላ ሸፍና ትልክላቸዋለች። ተሸክሞ የሚያደርሰው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። በሩን ከፍቶ የሚቀበለኝም ቸኮል ነው። ዱቄቱን ሲቀበለኝ ስለ ዱቄቱ ተነጋግረን አናውቅም፤ ስለ ኳስ እናወራ ነበር። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሜዳ ላይ፣ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው «የኔ ቢጤ» አልሁት። አስቤበት ቢሆን ጨካኝ በተባልሁ፤ ሳላስብ በመናገሬ ግን ምን እንደምባል አላውቅም።

ቸኮል አልተሳደበም። ወደ ግራዝማች ሄደና እጅ ነሥቶ «ጌታዬ፣ ያገባሁት አንድ ነው፤ አንዱን ጠጠር ያንሡልኝ» አለ። ግራዝማች «ሕግ የሰጠህን ማን ይመልሳል? ውሰድ ልጄ፣ ይጠቅምሃል» አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ አንዷን ጠጠር ራሱ አነሣ። ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። እጄ እንደ ተዘረጋ ቀርቶ ነበር፤ ለምን እንዳላጠፍሁት እግዚአብሔር ይወቀው። ጠጠሯን መዳፌ ላይ አኖረልኝና ቀስ ብሎ «እንካ፣ ምጽዋት የወደደው አንተ ነህ» ብሎኝ ሄደ። ከሜዳው ወጣ፤ ወደ ኋላም አልዞረም።

ጨዋታው እዚያው ቀረ። ሽማግሌዎቹ ግን ገና አልቀሩም! ቸኮል የመለሳት ጠጠር ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም፣ ጎሉ ሦስት ለሁለት ነው ወይስ ሦስት ለአንድ፣ እስካሁን ይከራከራሉ። አባባ «ባለ መብቱ መብቱን ከተወ ተወ» ይላል። ግራዝማች «ያልደረሰ ልጅ መብት አይተውም» ይላሉ። መሪጌታ ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ይዘዋል። የክርክሩ ጠጠር ኪሴ ውስጥ መሆኗን አንድም የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ ዱቄቱን ይዤ ሄጄ ነበር። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት። ዱቄቱን አልተቀበለችኝም፤ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ለጊዜው አለን» ብላ መልሳ ሸኘችኝ። እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ለእማማ ምን እንዳልሁ አትጠይቀኝ። እኅታችን ብርነሽ ግን ነገሩን ከልጆች ሰምታ «ጎልህን የምትጠብቅ አንተ፣ አፍህን የሚጠብቅልህ በረኛ አጣህ» አለችኝ። ከእኔ የተማረችው አነጋገር ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ አመመኝ። አዲሎ ላይ የአቶ ሀብቴ ወንድም ሱቅ ስላለው እዚያ ተጠግተው ሊሠሩ ነው የሚሄዱት ይባላል። ድሮም አስበውት ነበር ይላል አባባ። እኔ ግን ሌት ተኝቼ ያቺ ሳቅ ባትኖር ኖሮ ክረምቱን ይከርሙ ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ገባኝ። ጎል ከምንጨምርላቸው ሰው ብናካፍላቸው ይበቃ ነበር። ላሬቦ ወደ ደብር ሰፈር ቢሻገር፣ እኔም አብሬው ብሻገር፣ ሕጉም ጠጠሩም ባላስፈለገ። አንተ ስትሠራው የነበረው ይህን አልነበረም ወይ? ያን ጊዜ ግን የምትከፋፍለን ለቀልድ ይመስለን ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ሲበላለጡ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀህ ጻፍልኝ። እኛ ሰው እንዳይሰለች ብለን ሜዳውን ያለ ቸኮል አስቀረነው።

ኳስህ ደህና ነው። ቆዳው አንድ ቦታ ተተርትሮ በእንሰት ቃጫ ሰፍቼዋለሁ። ለቸኮል ልስጠው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ይህንንም ምጽዋት እንዳይለው ፈራሁ። ፈቃድህንም አልጠየቅሁ። እነሆ አጠገቤ አስቀምጬው ከአንተ ጋር እየመከርሁ፣ የበቅሎው ጭነት በገመድ ሲጠብቅ ይሰማኛል።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ የላከልህን ምክር እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃምና ራስህ ገምተው። እማማ ሳልህን ታስብልሃለች፤ ማርና ቅቤ የሚያመጣ ሰው እየፈለገች ነው። ብርነሽ ጉንጭህን ስማ ለመስቀል ነጠላ እንዳትረሳባት ትላለች። ግራዝማችም ሰላም ብለውሃል፤ ኳስ ያመጣህብን አንተ መሆንህን ግን ይቅር አላሉህም። ላሬቦ «ናፍቄዋለሁ በልልኝ» ብሏል። የአክስታችንን የወይዘሮ ፋንታዬን ጉልበት፣ የልጆቿንም ጉንጭ ሳምልኝ። አንተንም እግዚአብሔር በጤና ጠብቆ ለዓይናችን ያብቃህ።

ታናሽ ወንድምህ ወንዳፈረው ሰይፈሥላሴ፤
ሆሳዕና፣ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ቀለሙ ሳይደርቅ ይህችን ልጨምር። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ እማማ መስላኝ አንገቴን ደፋሁ። ግን እማማ አይደለችም። «ወንዳፈረው! አንተ የኔ ቢጤ፣ እግርህ ከእንሰቱ ውጭ ነው፤ ውጣ!» ይላል። ድምፁ የቸኮል ነው። እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ ከዚህ አይለይም። ጠጠሯን ከኪሴ አውጥቻለሁ፤ ኳሱንም ይዤ