ላልቶ ያስገባኝ፣ ጠብቆ የያዘኝ «ዋና»

ለተከበሩ የጂም ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኞችዎ እርስዎ በሌሉበት «ጋሼ ፈገግታ» እያሉ ለሚጠሩዎት፤ ለደረሰብኝ ነገር ሁሉ ተጠያቂ ያደረግኩት እርስዎን እንጂ ሌላ ማንንም አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? ጉልበትዎ እንኳ ደህና እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ቢሮውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያደረገ ሰው ጉልበቱን ያመነ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎት። ከዚህ በፊት ለእንግዳ ተቀባይዋ በእጄ የሰጠሁት ደብዳቤ ውሃ ስለበላው ነው። ገንዳችሁ ደረቅ ሆኖ ሳለ የትኛው ውሃ እንደበላው ግን እስካሁን ይገርመኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። እኔ ዕድሜዬን በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የበሽተኛ አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጉልበቴን የወሰደው ውሃ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ መልሶ መድኃኒትዎ ውሃ ነው፣ ገንዳ ውስጥ ገብተው ይራመዱ አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ደመወዜን ስቀበልም፣ የባሌን አስከሬን ስረከብም ወረቀቱ ላይ የማሳርፈው አውራ ጣቴን ነበር። በገዛ እጄ ስሜን ጽፌ የፈረምኩበት የመጀመሪያው ወረቀት የእርስዎ ውል ነው። ስላገኘሁት ክብር ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ጣትዎ ነው። ውሉን በፈረምኩበት ቀን በሩ አጠገብ ካለው ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እናቴ እናቴ እያሉ ሲንከባከቡኝ፣ እኔ የምፈልገው ማሽን ሳይሆን ዋና ብቻ መሆኑን ደጋግሜ ነግሬዎት ነበር። የቱ ላይ ተጽፏል ብዬ ብጠይቅዎ ጣትዎን ከአንድ ቃል ሥር አሳርፈው «ይኸውልዎት እናቴ፣ ዋና ይላል» አሉኝ። ለንባብ አዲስ ነኝና ጣትዎን ተከትዬ «ዋ» አልኩ፣ «ና» አልኩ፣ ቀጥዬም «አባል» አልኩ፤ ገንዳ ውስጥ የሚገባ አባል ማለት መስሎኝ በራሴ ኮርቼ ፈረምኩ። ፊደላችን መቼም የትኛው ቃል እንደሚላላ፣ የትኛው እንደሚጠብቅ አይናገርም። ይህች ቃል ስትላላ ሰውን ውሃ ውስጥ ታስገባለች፤ ስትጠብቅ ግን፣ እኔ ሳላውቅ እንደፈረምኩት ባለ በቤተሰብ ውል ላይ የሁሉ አለቃ አድርጋ ታስቀምጣለች። እኔ አላልቼ አነበብኩ፤ እርስዎ አጥብቀው ያዙኝ።

ሁለተኛው ስለ ገንዳው ነው። አዲስ የዋና ልብስ በፌስታል ይዤ ስመጣ፣ ገንዳው ውስጥ የተሰበሩ ብስክሌቶችና የተጠቀለለ ምንጣፍ ተኝተውበት አገኘሁ። ውሃው የታለ ብዬ አሰልጣኙን ብጠይቀው የታሸገ ውሃ ከፍቶ አመጣልኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ውሃ ተጠየቀ፣ ውሃ ሰጠ። ጥገና ላይ ነው የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋችኋል። በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ሁሉ እዚያ ሲሠራ ያየሁት ግን ሸረሪት ብቻ ነው፤ እሱ እንኳ ሥራውን ጨርሷል።

ሦስተኛው፣ ለመግባት የሚፈረመው ምድር ቤት በለስላሳ ወንበር ላይ ሲሆን፣ ከውሉ ለመውጣት የሚጠየቀው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነበት ምክንያት ነው። ይህ በአጋጣሚ ነው እንዳይሉኝ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጉልበቴን ይዤ ደረጃውን ስወጣ፣ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ሌላ ጊዜ የሐኪም ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ስፖርት መሥራት አትችልም የሚል መሆን አለበት አሉኝ። ሐኪሙ ደግሞ፣ እንደነገርኩዎ፣ ስፖርት ይሥሩ ብሎ ወደ እናንተ የላከኝ ሰው ነው። ለደረጃው ግን አመሰግናለሁ። በእናንተ ቤት ያገኘሁት ስፖርት እሱ ብቻ ነው።

እዚያው ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ዘንድ፣ ወገቡን ይዞ የተቀመጠ ጡረተኛ ሾፌር አገኘሁ። እሱም ለወገቡ ዋና ፈልጎ መጥቶ ኖሯል። ለእሱም ጣትዎን ከቃሉ ሥር አድርገው አሳይተውታል። የእሱ ደግሞ የሚገርመው ማንበብ የሚችለው ከልጅነቱ ጀምሮ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ቢሳሳት ስህተት ነው እላለሁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጣት፣ በአንድ ቃል ሲሳሳት ግን ስህተት አይባልም፣ ሙያ ነው። ሾፌሩ ስቆ ስቆ «እትዬ፣ ዋናተኛ ማድረጉን ትቶ ዋና ዋና ሰዎች አደረገን» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

ቀጥሎ ላለው ቁጥር አልሰጠውም፤ ከቅሬታ ያልፋል።

በመጨረሻ ቢሮዎ ውስጥ ተገናኝተን መውጣት እፈልጋለሁ ስልዎ፣ ውሉን ዘርግተው፣ ዋና አባል ከውሉ የሚወጣው በሥሩ ከተመዘገቡት ተከታይ አባላት አንዱ ቦታውን ሲረከብ ብቻ ነው የሚለውን አነበቡልኝ። እንዴት አጥርተው እንዳነበቡት! እኔ ተከታይ የለኝም። ስለዚህ ለመውጣት መጀመሪያ ሰው ማስገባት አለብኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ አብሮኝ የሚኖር ሰው እንዳለ ጠየቁኝ፤ ታናሽ እህቴን ጠቀስኩልዎ። ፊደል አልቆጠረችም ብዬ ስነግርዎ ፊትዎ ሲበራ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ለንባብ እንጂ ለፊት አልደከመም። «ግድ የለም እናቴ፣ አሻራም ቢሆን ይበቃናል» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ነገሩን ስጨርስ እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝና «እትዬ፣ ጣት አይደል እንዴ፤ ላሳርፍልሽና ውጪ» አለች። የእኔ ብቻ የነበረው ጉዳይ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ሆነ። እህቴ በዓለም ላይ ያላት ቢኖር ያቺ ጣትና እኔን ማመኗ ነው፤ እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ቀለም ሊወስዱ አሰቡ። እኔም አንዲት ሌሊት ሙሉ እሺ ልበል ወይስ እንቢ እያልኩ ማደሬን አልደብቅዎትም፤ ወጥመድ ውስጥ ያለ ሰው ከጎኑ ያለውን ማየት ይጀምራል። ውልዎም የተሠራው ለዚሁ ይመስለኛል።

እህቴን አላመጣልዎትም። ውሉን ከዛሬ ጀምሮ አፍርሻለሁ። ከመሰለዎ ይክሰሱኝ፤ ዳኛው ፊት አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያችን ቃል ለእኔ እንዳሳዩኝ ጣትዎን ከሥሯ አድርገው፣ ጮክ ብለው ያንብቧት። አላልተው ካነበቡ የውሃ ገንዳ ባለዕዳዬ ነዎት፤ አጥብቀው ካነበቡ ደግሞ ያኔ ምን እንዳሳዩኝ ለዳኛው ያስረዳሉ።

በታላቅ አክብሮት፣ ለፈገግታዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

ተከታይ የሌላት፣ ውሃም ያላየች ዋና አባልዎ

የረሳሁት፦ እህቴ ፊደል መቁጠር ጀምራለች። ከ«ሀ» እንድትጀምር ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን የእርስዎን ውለታ አስቤ በ«ዋ» አስጀመርኳት። ያለ «ና» ብቻዋን ስትቆም ማስጠንቀቂያ መሆኗን ወዲያው ገብቷታል። እኔም ከእንግዲህ ያንን ደረጃ አልወጣም፤ የሚፈልጉኝ ከሆነ ይውረዱ።