የሠርኬ ልብ ወለዶችና የመጨረሻ ገጾቻቸው

እኔ ወይዘሮ ሠርኬ ኃይለመለኮት፣ ከአብነት ወደ መርካቶ በሚያስገባው መንገድ ዳር ልብ ወለድ የማከራየው፣ ዛሬ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በቁስቋም ዕለት፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የደከመው ኩላሊቴ ነው እንጂ አእምሮዬ ደህና ነው። የሚጠራጠር ካለ የትኛው ልጅ የትኛውን መጽሐፍ እንደ ወሰደ ይጠይቀኝ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ኪዳነ ማርያም ነው፤ ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ወራሾቼ ሁለት ልጆቼ ናቸው። ሰብለ ወንጌል አስተማሪ ናት፤ ሚኪ ዱባይ ተራ የሞባይል ከቨር ይሸጣል። አሁን ከአልጋዬ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ግን አይነጋገሩም። አባታቸው በሞተበት ክረምት ሚኪ ሱቄን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጎት ማንንም ሳይጠይቅ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ጣራው በሚያፈስበት ጓዳ አስቀመጣቸው፤ ግማሹ በሰበሰ። ያን ቀን እሷ የተናገረችውንም እሱ የመለሰላትንም አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለሌላው የሚለውን በእኔ በኩል ይልካል። እኔ ስሞት ማን እንደሚያደርስላቸው እንጃ! አንጀቴን የሚበላኝ ይኸው ነው፤ ይህን ኑዛዜም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ስለ ቤት ዕቃው ብዙ አልልም። አልጋውና ቁም ሣጥኑ ለሰብለ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ለሚኪ ይሁን። ልብሶቼን ሰብለ እንዳሻት ታድርጋቸው፤ ምርጫዬን ድሮም አትወደውም።

ሱቁን ሁለቱም እኩል ይያዙት። በግራው ግድግዳ ከቨር ይሰቀል፤ ዘመኑ ነው፣ አልከለክልም። የቀኙ ግድግዳ ግን የወጣቶች ልብ ወለድ ነው፤ ማንም አይነካውም።

አሠራሬ ይታወቃል። እንደ ሌሎቹ አከራዮች መታወቂያ አስይዤ አላውቅም። የየመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ በምላጭ ቆርጬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ልጁ መጽሐፉን ሲመልስ ያችን ገጽ እዚያው በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ያነባል። መጽሐፉ ካልተመለሰ ታሪኩ የማይረባ ነበረ ማለት ነው፤ ጥፋቱ የመረጥኩት የእኔ ነው።

ለልጆች ስትመርጡ ዕድሜያቸውን አትጠይቁ፤ ምን እንዳናደዳቸው ጠይቁ። ፍቅር ያዘኝ ለሚል የፍቅር መጽሐፍ አትስጡ፣ ጭራሽ ይብስበታል፤ የሌባ ፍለጋ ታሪክ ስጡት። ቤቷ ለጠበባት ልጅ ከጅማ ተነሥታ የጭነት መኪና የምትነዳዋን ሴት ታሪክ ስጧት። ምክር የበዛበትን ልብ ወለድ ወላጅ ይወደዋል፣ ልጅ ግን አያጋምሰውም፤ ከታች ደርድሩት። እነሆ ምስክሬ ሀፍሷ፣ ዛሬ ፋርማሲስት ናት፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ «እትዬ፣ የሚያስለቅስ አለ?» ብላ መጣች። ለቅሶዋን ከቤቷ ይዛ እንደ መጣች ፊቷ ላይ አይቼ የሚያስቅ ሰጠኋት። አኩርፋ ሄደች፤ በማግሥቱ ግን ለመጨረሻው ገጽ መጣች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጻሕፍቱ ሁሉ የሰብለ ናቸው። ቆርቆሮው፣ የመጨረሻ ገጾቹን እንደ ያዘ፣ የሚኪ ነው። መጽሐፍ አውጥታ የምትሰጠው እሷ ናት፤ መጨረሻውን የሚያስነብበው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የጎን ሱቅ ነጋዴው ጠሀ «ኧረ እትዬ ሠርኬ፣ ወላሂ ይጣላሉ!» አለ። ይጣሉ። ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሰብለና ሚኪ ልጆች ሳሉ፣ ገበያ መሀል የተጠፋፉትን መንትዮች ታሪክ በአንድ በርጩማ ላይ እየተገፋፉ ያነቡት ነበር። ሌላውን ሁሉ ቢሸጡት፣ ቢለውጡት ግድ የለኝም፤ ያን መጽሐፍ ግን ከሱቁ እንዳያወጡብኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱንም። ይህም ይጻፍ።

ኪዳነ ማርያም የተጻፈውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሲጨርስ ሚኪ እንዳቀረቀረ «ሰብሊ፣ የመንትዮቹ መጨረሻ ምን ነበር? ተገናኙ እንዴ?» አለ። ሰብለ ወደ እሱ ዞረች። እኔም እንደ ልማዴ ላደርስለት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ጮክ ብለህ ያነበብከው አንተ! እኔ እያለቀስኩ መች ሰማሁህ» አለችው።

ኪዳነ ማርያም ብዕሩን አስቀምጦ «ይኼ እንኳ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም፣ እትዬ» አለኝ። ይገባል፤ ጻፈው አልኩት። ጻፈ፤ ይህንንም አነበበልን።

ቃሌ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ኑዛዜ የለኝም።

ተናዛዥ፦ ሠርኬ ኃይለመለኮት (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ጠሀ፣ ሀፍሷ፣ ጎረቤቷ ውቤ፣ እንዲሁም ጸሓፊው ኪዳነ ማርያም፤ ቃሉ ሲሰጥም ሲነበብም ነበርን (ፊርማዎች)

ወራሾቹ በፊርማው ሰዓት አልነበሩም፤ ቆርቆሮውን ከሱቁ ሊያመጡ አብረው ወጥተዋል።