ሱቅ የሚዘጋበት አገር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮኤል መኩሪያ፤

ኢዮዬ፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ? ከሊድስ ከተመለስኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ ልቤ ግን እስካሁን እዚያ ቀርቶ ጥያቄ ይጠይቃል። በስልክ ልነግርህ ስጀምር «ኦኬ እማ፣ ገባኝ» ብለህ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም፤ ሶ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

መጀመሪያ የገረመኝን ልንገርህ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጧት፣ ለአለቃህ ለጊሊያን ደወልክላት። እኔ ኩሽና ውስጥ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። «አሞኛል፣ ዛሬ አልመጣም» አልካት፤ በቃ። ምክንያት አልደረደርክም፣ አልለመንክም። እሷም «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች። ቀኑን ሙሉ ስልክህን ስጠብቅ ዋልኩ፤ አንድ ቁጣ ይመጣል ብዬ። አመሻሽ ላይ መልእክት ስትልክልህ «ይኸው መጣ» አልኩ። ለካ «ትኩስ ነገር ጠጣ» ነው የሚለው! የከተማውን አውቶቡሶች የጉዞ ሰዓት የምታወጣው አንተ ነህ፤ አንተ ስትተኛ የሊድስ ሰው በምን ሊሄድ ነው ብዬ በመስኮት አየሁ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ያልፋል። ይኼ ሰውን ያሳርፋል ወይስ ያሳዝናል? እኔ መወሰን አቃተኝ።

ዓርብ ከሥራ ስትወጡ ከጓደኞችህ ጋር ያስቀመጥከኝ ጊዜም እንዲሁ ነው። ጊሊያን ራሷ ተነስታ ለሁላችሁም መጠጥ ቀድታ አመጣች፤ እናንተም «ጊሊያን፣ ጊሊያን» እያላችሁ በስሟ ትቀልዱባታላችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ውሻ ተወራ። ባል አለሽ ወይ፣ ስንት ወለድሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ማክበራቸው ነው ወይስ ግድ አለመስጠታቸው? የጎረቤትህንም ነገር አስቤ አልጨረስኩትም። ሦስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ስትኖሩ ስሙን አታውቅም፤ እሱ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ቆሻሻህን ሳትጠይቀው አውጥቶ መንገድ ዳር ያስቀምጥልሃል። እዚህ ፌርፋክስ ላይ ስሜን እስከ አያቴ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ቆሻሻዬን የሚያወጣልኝ ግን የለም።

አንተ ሥራ ስትውል ስላገኘሁት ሰው ደግሞ በደንብ አልነገርኩህም። ከቤትህ ወረድ ብሎ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ ልብስ የሚያስተካክል ሰው ሱቅ አለ። የሙያ ባልደረባዬን ልይ ብዬ ብሄድ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ባሕር ዳርቻ ሄደናል፤ ሰኞ እንመለሳለን» ይላል። በሠርግ ወቅት! በነጋታው ሄጄ ደግሜ አነበብኩት፤ ዓይኔ የሳተኝ መስሎኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው፤ እንደኔው መርፌ ደረቱ ላይ ሰክቷል። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አሜሪካ ሱቅ አለኝ ስለው ወንበር ሳበልኝ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«መጥፎ አይደለም።»

ቆይቶ ሲያወራኝ ግን መጥፎ ነው። ኪራዩ ጣራ ነክቷል፤ ወጣቱ ልብስ አንዴ ለብሶ ይጥላል፣ የሚያሳጥርና የሚያሰፋ የለም። እንግሊዞች «መጥፎ አይደለም» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አንተ አስረዳኝ።

«ታዲያ ለምን ትዘጋለህ?»

«አብራኝ የምትሠራው ልጅ የእረፍት መብት አላት፤ ሕግ ነው። እሷ ስትሄድ እኔም እሄዳለሁ።»

«ደንበኞችህስ?»

«ሌላ ሱሪ አላቸው» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ሚስቴ የታመመች ጊዜ አራት ወር ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መልሼ ስከፍት ሰዎቹ ሱሪያቸውን ይዘው መጡ» አለ። አመስግኜው ወጣሁ።

አገሩ ለሁሉም እንደዚያ እንዳልሆነም አይቻለሁ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የኛ አገር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትጦራለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን አትነቅልም። «ሥራ ካለ ይደውሉልኛል፤ ከሌለ ቀኑ ባዶ ነው» አለችኝ። «ስትታመሚስ?» ብላት «እኔ መታመም አልችልም፣ እትዬ» አለችኝ። ያ አገር ሁለት አገር ነው መሰለኝ፤ በየትኛው በር እንደገባህ ነው።

ወደ ሱቄ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት አምሳለን ነው። ዲቪ ደርሷት መጥታ ከኔ ጋር መስፋት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ። ከክሬንሾው በሁለት አውቶቡስ ትመጣለች፤ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እኔም አንድ ቀን ቅሪ ብያት አላውቅም። እናቷ ደሴ ናቸው፤ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። «ሥራ ቀለል ሲል ሄጄ አያቸዋለሁ» ትላለች። ሥራ ቀለል ሲል ደግሞ እኔ ሌላ እቀበላለሁ።

«አምሳለ፣ አምስት ሳምንት እናትሽ ጋ ሂጂ፤ ደመወዝሽ አይቋረጥም» አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። «እትዬ ሣህሊቱ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«ታዲያ ለምን ያባርሩኛል? ሌላ ሰው አገኙ?»

ልብስ መለኪያው ክፍል ገብታ መጋረጃውን ስባ አለቀሰች። እኔ ከውጭ ቆሜ ለመጋረጃው አስረዳለሁ፤ ስለ ጊሊያን፣ ስለ ባሕር ዳርቻው። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዛ ገብታ ሁለታችንንም እየሰማች ትጠብቃለች። በመጨረሻ አምሳለ ፊቷን ጠራርጋ ወጣችና «ክሩንስ ማን መርፌ ውስጥ ያስገባልዎታል?» አለችኝ። የኔንም ዓይን ታውቀዋለች።

ጎናችን ቅመም የሚሸጡት ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰሙ «እንግሊዝ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ልዕልት ሆነሽ መጣሽ? እዚህ አሜሪካ ነው፤ ሱቁን የዘጋ ጉሮሮውን ዘጋ» አሉኝ። አምሳለ የምትሄድ ዕለት ግን ሻንጣዋን ጭነው ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ሁለት ደንበኞች ተቆጥተው ልብሳቸውን ይዘው ሄደዋል፤ አንድ ዚፕ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አምሳለ ትናንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እናቷ አላዩዋትም፤ ፊቷን በእጃቸው ዳብሰው ግንባሯ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሲያገኙ «አንቺ ነሽ» አሏት። ደጋግሜ ሰማሁት።

ኢዮዬ፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ በታች ያለውን ልጻፈው። አባትህ ያረፈ ዕለት ከአውሮፕላን ወርደህ በቀጥታ ሆስፒታል መጣህና «አጠገቡ ማን ነበር?» ብለህ ጠየቅከኝ። «የሙሽራ ቀሚስ ነበረብኝ፤ ሥራ ነው» አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቅከኝም። ሰው ሁሉ «አሜሪካ ነው፣ ሥራው መች ፋታ ይሰጣል» እያለ አጽናናኝ፤ እኔም ይህንኑ ተከናንቤ ቆየሁ። ነገር ግን ፈቃድ የሚከለክለኝ አለቃ አልነበረኝም። አለቃዋ እኔው ነበርኩ። አምሳለም «እኔ አለሁ፣ ይሂዱ» ብላኝ ነበር።

ያን ዕለት ጧት የሆስፒታሉ ነርስ ደውላ «ዛሬ ቢመጡ ይሻላል» ብላኝ ነበር። ቀሚሱ ከዋዜማው አልቆ ተሰቅሏል፣ ኢዮዬ። አወረድኩት፤ ጫፉን ፈታሁት፤ መልሼ ሰፋሁት። እንደገና ፈታሁት። ስልኩ ሁለተኛ ሲጮኽ ለሦስተኛ ጊዜ እየሰፋሁት ነበር።

መልስ እንድትጽፍልኝ አይደለም። የጠየቅከው ጥያቄ ስለነበረ ነው።

እግዚአብሔር የሥራህን ፍሬ ያብላህ፤ ሥራህን ጥለህ የምትሮጥለት ሰውም አያሳጣህ፤ ስትሮጥም እግርህን አይያዝብህ።

እናትህ
ሣህሊቱ