የዶኛ ኔልቫ ኬክ በእኔ ኦቨን

ሐሙስ፣ ሜይ 8
ልጄን ማርሌኒዬን ሊጠይቁልኝ ነው። የሚቀጥለውን ሳይሆን የዚያኛውን ቅዳሜ፣ እዚሁ እኔ ቤት፣ ሽማግሌ ይዘው። ገና ሹራቤን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው... የሚያገባት ልጅ ኤርላን ራሱ ደውሎ «እማማ ሳቢና፣ እናቴ ከቆላው ከሳንታ ክሩዝ ቀደም ብላ ትመጣለች» አለኝ። ትምጣ። ባሌ ፋውስቲኖ «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። ሠርጉ እዚሁ ደጋው ላይ፣ ኤል አልቶ፣ በእኛው መንገድ ላይ ነው የሚሆነው። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ረጅም መንገድ አትችልም፤ የልጅ ልጇን ሠርግ ሳታይ ልትቀር ነው?

ሐሙስ፣ ሜይ 15
የኤርላን እናት ዶኛ ኔልቫ ገባች። ከዚያ ሙቀት አገር በስስ ጫማ... ደረጃውን ሳትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ለከፍታው ይበጃታል ብዬ የኮካ ቅጠል ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ምን ብትል ጥሩ ነው?
«ሠርጉ በእኛ በኩል ይሁን። እዚህ ሰው እንዴት ይተነፍሳል?»
ሻይ ጨመርኩላት። ለምን አልተቆጣሁም? እንግዳ ናት ብዬ።

ዓርብ፣ ሜይ 16
በንዴት ነው የምጽፈው።
ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበውን የነገውን ኬክ እኔ ካልጋገርኩ ብላ ኦቨኔን ያዘች። በጨዋ ደንብ ነገርኳት። «ዶኛ ኔልቫ፣ እዚህ ተራራ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ ይቀነሳል። አለበለዚያ ይገነፍልና ይሰምጣል።»
«ዱቄቱ የት አገር እንዳለ ያውቃል እንዴ?»
ይሄስ ይሁን። የራሴ ልጅ... «እማ፣ ተያት፤ እሷ ታውቃለች።»
እሷ ታውቃለች። እኔ እስከ ዛሬ በየልደቷ ድንጋይ ነበር የማበላት?
ገነፈለ። ኦቨኑ ውስጥ ፈሶ አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ከዚያ መሃሉ ዝቅ አለ... ሰው እንደተቀመጠበት ትራስ።
«ኦቨንሽ ነው» አለች። «አርጅቷል።»
አምና የተገዛ ኦቨን። ሌላ እንዳልጋግር ጋዙ አለቀ፣ የጋዝ መኪናው ደግሞ እስከ ሰኞ አይመጣም። ያረረውን ስፍቅ ዋልኩ። እሷ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። እሰይ አልኩ በሆዴ... ይቅር ይበለኝ።

እሑድ፣ ሜይ 18
ትናንት ለመጻፍ ጉልበት አልነበረኝም።
ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኛን ወክሎ ወንድሜ ቴኦዶሮ ነበር። ልጅቷ ተጠየቀች፣ ተፈቀደች። ሠርጉ የት ይሁን ሲባል ዶኛ ኔልቫ ተነስታ ኬኩ ላይ ያለበስኩትን ፎጣ ገለጠች።
«እዩት። ኬክ እንኳ የማይቆምበት አገር ሠርግ ይቆማል?»
ሳቁ። የእኛም ሰዎች ሳቁ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። እናቴ ጥግ ላይ ሆና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።  አፌን ልከፍት ስል ማርሌኒ ብድግ አለች። ጓዳ ገብታ፣ ባለፈው ሳምንት ወተትና ስኳር አፍልቼ እንደ ማር ያወፈርኩትን ጣፋጭ ይዛ ወጣች። የኬኩን ጉድጓድ ሞላችው፣ በቢላ አስተካከለችው፣ ቆረሰች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለዶኛ ኔልቫ ሰጠች።
«እማማ ኔልቫ፣ እኛ እዚህ የሰመጠውን ሞልተን ነው የምንበላው። አያቴ ሳንታ ክሩዝ ድረስ አትችልም። እኔ ደግሞ እሷ በሌለችበት አላገባም።»

ኤርላን እናቱን ሳያይ «እኔም እንደ እሷ ነኝ» አለ። ቀይ ሆኗል ልጁ።
ዶኛ ኔልቫ ቀመሰች። ደገመች። «ስኳሩ በዝቷል» አለችና ሳህኗን ለሁለተኛ ቁራሽ ዘረጋች። «እሺ... እዚሁ ይሁን። አሮጊቷ ትይ።»
ደስ አለኝ? አዎ። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ዕቃ ስናጥብ ለማርሌኒ «እሷ ታውቃለች ነው ያልሽኝ?» አልኳት። «እማ፣ አማቴን ፈርቼ ነው» አለች። እኔንስ የሚፈራኝ ማን ነው?

ማክሰኞ፣ ሜይ 20
ዶኛ ኔልቫን ሸኘኋት። አውቶቡሱ በር ላይ ሳመችኝና «የሠርጉን ኬክ አንቺ ጋግሪው። ባለሦስት ፎቅ ይሁን እንጂ፤ ዘመዶቼ ይታዘቡኛል» አለች። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዛዥ ናት። እሺ አልኳት... ባለአራት አደርገዋለሁ።
እናቴ ከአሁኑ ቀሚሷን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቅላለች።
ሰፈሩ ሁሉ ይምጣ። ባለፈው ቅዳሜ የሳቁትም አይቀሩብኝ፤ ፊት ለፊት ነው የማስቀምጣቸው። ቅዳሜ፣ ጁን 28፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።