የነፋስ ዓይን

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት የተጫነው ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንደምን ከረምህ? በውሃና በሳሙና የሚውለው እጅህ አልተሰነጣጠቀም? ገመድ የሚታሰርበት ወገብህስ ደኅና ነው? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። የጉልበቴ ሕመም ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ሳይጠሩት ይመጣል።

የመጨረሻ ደብዳቤህን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ከግርጌው «ሃምሳ ከመቶ» ብዬ ጽፌ ከመለስሁልህ ድፍን ስምንት ወር ሆነ። መልስ ስጠብቅ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ ያዝንልኝ ጀመር። እኅትህ ግን አላዘነችልኝም። «አባባ፣ ወንድሜ የጻፈልዎ ሊያጫውትዎ እንጂ ሊታረም ነው እንዴ? ምነው ጡረታ ሲወጡ እስክሪብቶውንም አብረው ባስወጡት!» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያበሳጨኝ ሰዋስውህ አልነበረም። «የፎቅ መስኮት እወለውላለሁ» ያልኸው ዓረፍተ ነገር እንከን የለውም፤ እኔ ግን አፈርሁበት። ሰው ሲጠይቀኝ «ቢሮ ነው የሚሠራው» እል ነበር። እናትህ ሰምታ «ከቢሮው ውጭ በል እንጂ!» ብላ በሰው ፊት አሳቀችብኝ።

ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን ገልጬ «ዊንዶው» የሚለውን ቃል ፈለግሁ። ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነው። መስታወት ብርቅ በነበረበት ዘመን ጭስ የሚወጣበት፣ ነፋስና ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነበር። ዛሬ የኮምፒውተር ገጽም፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገኝ ዕድልም በዚሁ ስም ይጠራል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር «መስኮት» ብዬ ብቻ ማለፌ ገረመኝ። ልጄ የቤትን ዓይን የሚያጠራ ሰው መሆኑንም ያን ጊዜ አሰብሁ።

ወዲያው ተነሥቼ የክፍሌን መስኮት በእርጥብ ጋዜጣ ወለወልሁት፤ ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። እናትህ ቀና ብላ አየችና «ሃምሳ ከመቶ!» አለች። የሚገባኝን አገኘሁ። በማግስቱ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሥራህን በስሙ ጠርቼ ነገርሁት።

እንግዲህ ልጄ፣ መስኮት ዥንጉርጉር ሳይሆን እንዴት እንደሚወለወል ጻፍልኝ፤ ዛሬ ተማሪው እኔ ነኝ። ቀዩን እስክሪብቶ እናትህ ወስዳ ደብቃዋለች፤ እኔም አልፈልገውም። ስሕተትህን ሁሉ እንዳለ አነብበዋለሁ።

እናትህ ዓይንህን ስማለች። እኅትህ «አሁንማ ላለመጻፍ ምን ሰበብ አለህ?» ትልሃለች። አክስትህ «ገመዱን ሁለቴ እሰር» ብላ አደራ ብላለች።

አባትህ
ከቤታችን፣ ከዥንጉርጉሩ መስኮት አጠገብ
ኅዳር 12 ቀን