ዶክተር ዘላለም ዘውዴና ያልበረደው ምድጃ

ዶክተር ዘላለም ዘውዴ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ዘውዴ አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ደስታ ኅዳር 3 ቀን 1959 ዓ.ም. በሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ተወለዱ። በተወለዱበት ከተማ ተምረው አዲስ አበባ በፊዚክስ ተመረቁ። ጃፓን ዶክትሬታቸውን ሠርተው በ1996 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተመለሱ። ከወይዘሮ ሩት ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ብሌንን ወለዱ።

ሙያቸው ክሪስታል ማሳደግ ነበር። ብረትና ሌሎች ማዕድናትን እሳት በሚችል የመስታወት ቱቦ አሽገው፣ ከሺህ ዲግሪ በላይ አቅልጠው፣ በሰዓት አንድ ዲግሪ ብቻ እያበረዱ አርባ ቀን ይጠብቃሉ። የወጣው ክሪስታል ውጭ አገር ተልኮ፣ በሁለት አልማዞች መካከል ተጨምቆ፣ በረዶ የማይደርስበት ቅዝቃዜ ውስጥ ገብቶ፣ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ያሳልፍ እንደሆነ ይፈተናል። ምድጃውን እቤታቸው ውስጥ የሠሩላቸው የጊደር መጋላ ገበያው በያጅ አቶ አብዱልፈታ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ሰዓት የሚያቆየው ባትሪም ደርድረውለታል። ፈረስ መጋላ ላይ ግን ስማቸው “ድንጋይ ቀቃዩ” ነበር። ዛሬ እዚህ ከምታለቅሱት መካከል ይህን ያላላችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ታላቅ እህታቸው ጥሩወርቅም ብላለች፤ ይህን የጻፈችውም እርሷ ናት።

በጥር 2014 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ምድጃው ሠላሳ ስምንተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ለድንኳኑ ድምፅ ማጉያ ሶኬት ሲጠፋ ጥሩወርቅ የምድጃውን ነቀለች። ዶክተር ዘላለም “እትዬ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው” ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ በለቀስተኛው ፊት “የእናትህ ሬሳ ሳይወጣ ድንጋይ ልትቀቅል ነው? ተቀመጥ!” አለቻቸው። እህታቸውን በሰው ፊት ማዋረድ አልሆነላቸውምና ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጡ። እንባቸው ሁሉ ለእናታቸው መስሎን ነበር።

ከሠልስት በኋላ ምናልባት ይተርፍ እንደሆነ ብለው ምድጃውን መልሰው ቢያሞቁት ቱቦው ፈነዳ። ከማዕድናቱ የወጣው መርዛማ ጢስ ሳንባቸውን በላው። ሦስት ዓመት ሲያስሉ አንድም ቀን አልወቀሷትም፤ ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። ባለፈው ጥር አልጋ ላይ ሆነው ብሌንን እያዘዙ የመጨረሻውን ቱቦ አስገቡ። የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቱቦው የሚወጣው ሐሙስ ነው። ዛሬ ድንኳኑ ድምፅ ማጉያ የሌለው፣ ይህም በባዶ ጉሮሮ የሚነበበው ስለዚህ ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ ቅረቡ። ባለቤታቸውና ልጃቸው ሬሳውን ይሸኛሉ። ጥሩወርቅ ቀብሩ ላይ አትገኝም፤ ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩትን ሰው አምላክ ሳያስጠብቅ ይቀበላቸው።